ከደም ምርመራ በፊት የጠጣሁት ጠበል

የዛሬውን ጅልነቴን ልጆቼ ከሰው አፍ ከሚሰሙት እኔው ልጻፈው። «ከማታ ጀምሮ ምንም ሳይቀምሱ ይምጡ» ተብዬ ሳለ፣ ጠዋት ከቡሬ ከመነሳቴ በፊት አንድ ጣሳ ጠበል ግጥም አድርጌ ጠጣሁ። ጠበል በባዶ ሆድ ነው የሚጠጣ፤ ጾምም አይሽርም። ሳላውቅ ቀርቼ ሳይሆን አብዝቼ አውቄ ተሳሳትሁ።

ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ስደርስ ተመራማሪዋ መርፌዋን አሰናድታ ትጠብቀኛለች። ፈቅጄ የገባሁበት የመድኃኒት ጥናት ነው፤ ደም ሳልሰጥ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። እንዳስረዳችኝ፣ በመድኃኒቱ ውስጥ ካለው ሃይድሮጂን ጥቂቱን አውጥተው ዲዩተሪየም የሚባለውን ከበድ ያለ ወንድሙን ተክተውበታል። ጨረር የለውም፤ ክብደቱ ግን ምልክት ስለሚሆን ባሕር ዳር ያለው መሣሪያ ከደሜ ውስጥ ለይቶ ያገኘዋል፤ ጉበቴ መድኃኒቱን በምን ፍጥነት እንደሚሰባብረውም ይታወቃል። ቶሎ ገባኝ። እኛስ በሬያችን ከሰው መንጋ ቢቀላቀል እንድንለየው ጆሮውን ተልትለን አይደል የምንለቀው?

«አባባ፣ ውሃ አልቀመሱም አይደል?» አለችኝ።

«ውሃስ አልቀመስሁም።» ወዲያው ሆዴ ጉርር አለ፤ እኔ ዝም ብል እሱ ሊናገር ነው። «ጠበል ግን ጠጥቻለሁ።»

ሳቋን በእጇ ሸፈነች፤ ቆይታ ግን ፊቷ ጠቆረ። ሆዴ እስኪጎድል መድኃኒቱን መዋጥ አልችልም፤ ከዋጥሁ በኋላ ደግሞ ለሰዓታት ደጋግማ ደም ትቀዳለች፤ እንዲህ ዘግይተን ከጀመርን ይመሻል። ደሙን ባሕር ዳር የሚያደርሰው መኪና ግን ከሰዓት በኋላ ይነሳል። ካመለጠን የእኔ ደም ይበላሻል፣ የእሷም ጥናት በአንድ ሽማግሌ ሆዳምነት ይጎድላል።

ሾፌሩ ዘንድ ደወለች፤ መጠበቅ አልችልም አላት። ስልኩን ተቀብዬ ጠበል ጠጥቼ ያዘገየኋት እኔው እንደሆንሁ ነገርሁት። ጠበሉ የየትኛው ደብር እንደሆነ ጠየቀኝ። የእኛው ሰፈር ማርያም ናት አልሁት።

«እንግዲያስ እጠብቃለሁ» አለ። «እናቴን እግሯን ያማታል፤ አንድ ጠርሙስ ይያዙልኝ።»

ቀኑን ሙሉ አግዳሚው ላይ ተጎልቼ ዋልሁ። ደም በቀዳችኝ ቁጥር በሬዎቼ ተገኙ ወይ እላታለሁ፤ እሷም ባሕር ዳር ካለው በረት ሳይደርሱ እንደማይታዩ እየሳቀች ትመልስልኛለች። ሲመሽ ደሙን በበረዶ ሣጥን አሽጋ መኪናው ላይ ጫነችው። ጥናቷ ሞላ።

ሾፌሩ ግን በመስኮት እጁን ዘረጋ። ምን ልስጠው? የጠዋቱ ጠበል እንደሁ ሆዴ ውስጥ ቀርቷል። አንድ ጠርሙስ አለብኝ።