የላቀች ግለ ሂስ

ላቀች ቦንጋ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የቡና ባለሙያ ነበረች። ወንበር አሟቂ እንዳትመስላችሁ። ማንኪራ ቀበሌ ድረስ በእግሯ እየወረደች፣ ገበሬውን ቀይ ቀዩን ልቀሙ፣ መሬት ላይ አታስጡ እያለች ስትመክርና ስትቆጣ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች።

በ2005 ዓ.ም. ግራ እግሯ አልታዘዝ አላት። መጀመሪያ ደነዘዘ፣ ከዚያ ይጎተት ጀመር። አንድ ዓይኗም ሦስት ሳምንት ሙሉ ጭጋግ ለብሶ ቆይቶ ተገለጠ። ዘጠኝ ወር እንደምንም ችላው በመጨረሻ ከባሏ ከቢሻው ጋር አዲስ አበባ ሄዳ ኤምአርአይ ተነሳች። ሐኪሙ ምስሉን ደጋግመው አዩና እውነቱን ነገሯት። አንጎሏ ላይ ሁለት ነጠብጣቦች አሉ፤ መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባለው የነርቭ በሽታ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፤ ለማረጋገጥ ከስድስት ወር በኋላ መድገም አለባት። ወረቀቱ ላይም ውጤቱ ግልጽ አይደለም ብለው ጻፉ።

ሐኪሙ እርግጠኛ አይደለሁም ያሉትን መሥሪያ ቤቱ እርግጠኛ ሆነበት። ያኔ ሠራተኛው አንድ ለአምስት ተደራጅቶ እርስ በርሱ ይገማገማል፤ የሌላውን ድክመት ያላወጣ ለራሱ ድክመት ይያዝበታል። እናም እግሯ ሲጎተት በዓይናቸው ያዩ ባልደረቦቿ፣ ሲደክማት ቦርሳዋን የያዙላት ሳይቀሩ፣ ተራ በተራ እጃቸውን አወጡ። አንዱ በጠዋት ስትንገዳገድ አይቻለሁ አለ፤ ሌላዋ ከመስክ እየዘገየች ትመጣለች አለች። አያፍሩም! ስብሰባውን የሚመራው ጉግሳ ወረቀቷን አነበበና ግልጽ ያልሆነ በሽታ በሽታ አይባልም አለ። ግለ ሂስ ታድርግ፤ በሕመም ሰበብ ሥራ በድያለሁ ትበል፤ ያኔ ለሁለተኛው ምርመራ ፈቃድ ይፈረምላታል።

ላቀች ጠረጴዛውን ተደግፋ ተነሳች።

«ድክመቴን ልናገር» አለች። «ዘጠኝ ወር ሙሉ ይህን እግር እየጎተትኩ ማንኪራ ስወርድ ለአንዳችሁም አልነገርኩም። ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍልኝ።»

አልተጻፈም። ዝቅተኛው ውጤት ተሰጣት፤ ፈቃዱም ተከለከለ። ጉግሳ የበሽታውን ስም የያዘ ማስረጃ ካላመጣች ከሥራ እንደምትሰናበት በደብዳቤ አሳወቃት። አንዲት ሴት በሽታዋን ፈልጋ እንድታመጣ በደብዳቤ ስትታዘዝ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ስድስት ወሩ ሲሞላ መሥሪያ ቤቱን ሳታስፈቅድ ከቢሻው ጋር አዲስ አበባ ሄደች። ሐኪሙ አዲሱን ምስል ከአሮጌው ጋር አስተያዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ነጠብጣቦቹ እንደጨመሩ፣ በሽታው ያው የተጠረጠረው እንደሆነ፣ መድኃኒት ቢያዘገየው እንጂ እንደማያድነው ነገሯት።

«ተመስገን» አለች ላቀች።

ቢሻው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሐኪሙ ነገሩ ያልገባት መስሏቸው ከመጀመሪያው ጀምረው ያስረዷት ጀመር።

«ገብቶኛል ዶክተር» አለች። «ማኅተሙን ብቻ ጠበቅ አድርገው ይምቱልኝ፤ የኛ ቢሮ ማኅተሙ የደበዘዘ ወረቀት አይቀበልም።»