ከአረንጓዴው በር ጀርባ

ያጌጠውን ጣሪያ ማየቱን ተዉትና ያቺን አረንጓዴ ሱፍ የለበሰች በር እዩ። አጠገቧ ሹራብ የሚሠሩ አሮጊት ተቀምጠዋል፤ በዚህ በእንግሊዝ አገር፣ ደርቢሸር ባለው ትልቅ ቤት ጎብኚ የሚመሩ በጎ ፈቃደኛ ናቸው። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ቤቱን ያሠራው ጌታ የገረድ ፊት ማየት አይወድም ነበር። ስለዚህ አርክቴክቱ ከዚያች በር ጀርባ፣ ግድግዳው ውስጥ፣ ለገረዶቹ ጠባብ ደረጃ ደበቀላቸው። ይህንን ንቀት ጥበብ ብለው የሚያደንቁ ሞልተዋል! ደረጃው ግን ሰው ካልወጣበት ዘንድሮ ተዘግቶ የወንበር ማከማቻ ሊሆን ነው። አሮጊቷም እንዳይዘጋ ያገኙትን ጎብኚ ሁሉ ወደዚያው ይልካሉ።

"እማማ፣ ወደ መኝታ ቤቶቹ በየት ነው የሚወጣው?" አላቸው አንድ ወፍራም ሰውዬ።

"በዚች በር ግባ፣ የኔ ዓለም።"

"ኧረ እኔን አታሳልፈኝም!"

"ሁለት ባልዲ ከሰል ያንጠለጠለች ገረድ ታልፍባት ነበር። አንተ ሆድህን ሳብ አድርገው እንጂ!"

ሰውዬው እየሳቀ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ መኝታ ቤት ውስጥ የተንጠለጠለውን የገረድ መጥሪያ ገመድ ሳበው፤ ታች ኮሪደሩ ላይ ደወሉ አቃጨለ። አሮጊቷ ሹራባቸውን ጥለው ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ቀሚሳቸውን በመዳፋቸው አስተካከሉ። ምን እንዳደረጉ ሲገባቸው ከት ብለው ሳቁ።

"ዛሬስ ራስህ ውረድ!" ብለው ወደ ላይ ጮኹበትና ደስ ብሏቸው ተቀመጡ።

ድሮ እዚህ ቤት ምን ይሠሩ እንደነበር እስካሁን የጠየቃቸው የለም። እባካችሁ፣ ወደ ላይ ስትሄዱ በእሳቸው በር ውጡ፤ ስትወርዱም ጠይቋቸው።