ከናሆም ትንቢት የጎደለው ወረቀት

ወንድሜ መጽሐፍ ጠራዥ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው መጽሐፍ ሲሰፋ ወገቡ ጎበጠ፣ ጣቶቹ ሙጫ ጠጥተው ደረቁ። የሚጠርዘውን ሁሉ ያነባል፤ ነቢያትንማ ከነዘመናቸው፣ ከነነገሥታታቸው ነው የሚያውቃቸው። ማወቁን አልነፍገውም። ግን ካወቀ ሰው አያስቀምጥም፣ ደረቅ! ታላቄ ባይሆን ስንቱን በነገርኩት።

እናታችን የዓይን ግፊት ነበረባት። ሐኪሙ ቁርጡን ነግሮናል፦ በዚህ ወር ቀዶ ጥገና ካልተደረገላት የቀረችው ብርሃን ትጠፋለች፣ ከጠፋች ደግሞ አትመለስም። ቀጠሮው ሐሙስ ነበር።

በዚህ መሃል ሰፈሩ «መብረቁ» የሚለው ሰባኪ መጣብን። በየሳሎኑ እየዞረ የናሆምን ትንቢት ይሰብካል። «ሰረገሎች በአደባባይ ይሯሯጣሉ፣ እንደ መብረቅ ይፈጥናሉ» የሚለው ቃል መኪና ማለት ነው፤ ስለዚህ ዓለም ይህን ወር አትጨርስም፣ ይላል። እማዬም አመነችው። «ጌታ ሊመጣ ሳምንት ሲቀረው ዓይኔን ላስቀድድ?» ብላ ሐኪሙን ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። እኔ እርር ድብን አልኩ።

ወንድሜን ለመንኩት። «ጋሼ፣ አንተን ትሰማሃለች። ለብቻዋ አስረዳት።»

እውነቱን ለመናገር ደህና አድርጎ አስረዳት። ናሆም የሚናገረው ስለ ነነዌ ነው፣ የአሦር መዲና ስለነበረችው። አሦራውያን ሰረገላቸውን እያስጋለቡ የየአገሩን ከተማ ሲያቃጥሉ፣ ሕዝቡን በምርኮ ሲነዱ ኖረዋል። ናሆም ለተረገጠው ሕዝብ፣ የረገጣችሁም በተራው ይረገጣል፣ በገዛ ጎዳናው ሰረገላ ይርመሰመስበታል አለ። ከተማዋም ወደቀች፤ ከሁለት ሺህ ስድስት መቶ ዓመት በላይ አለፋት። እማዬ እስከ መጨረሻው ሰማችውና «እስቲ ላስብበት» አለች። እዚያ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት!

ለካ መብረቁ መጽሐፍ ቅዱሱን ለጥገና ሰጥቶት ኖሯል። ወንድሜ ደግሞ ከመስፋቱ በፊት ወረቀቱን አንድ በአንድ የመቁጠር ልማድ አለው። ሲቆጥር የናሆም መጀመሪያ የለም። ነገሩ ስለ ነነዌ መሆኑን የሚናገረው ወረቀት ተገንጥሎ ጠፍቷል። ሌላ ጠራዥ ቢሆን ባለቤቱን ጠርቶ በጆሮው ይነግረዋል። የኔው ጉድ ምንም ሳይተነፍስ ሰፍቶ መለሰለት። ረቡዕ ከሰዓት መብረቁ በእማዬ ሳሎን ሲሰብክ፣ ሃያ ሰው ፊት ተነሣ።

«ወንድማችን፣ የናሆምን የመጀመሪያ ቁጥር ያንብቡልን እስቲ።»

ሰውየው ገለጠ፣ ገለጠ፣ ላብ አጠመቀው። «ወደታችም ነነዌ ይላል... ግን እሱ ምሳሌ ነው» ብሎ ተንተባተበ።

«መጀመሪያው የጠፋበት መጽሐፍ ይዘው ነው የዓለምን መጨረሻ የሚነግሩን?» ወንድሜ ከት ብሎ ሳቀ። «እነዚህ አሮጊቶችም አፋቸውን ከፍተው ይሰሙዎታል! የኔዋም እናት አለችበት!»

መብረቁ ኩም አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እማዬ ብቻ አልሳቀችም።

ሐሙስ ጠዋት ታክሲ ይዘን ስንመጣ በሩን ከውስጥ ቆልፋዋለች። «አልሄድም!» አንኳኳን፣ ለመንን፣ አለቀስኩ። ወንድሜ ሆዬ በሩ ላይ ቆሞ የነነዌን ታሪክ እንደገና አይጀምርላት መሰላችሁ! «አፍህን ዝጋ!» ብዬ ጮህኩበት፤ ታላቄን እንዲህ ስል በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው።

ወሩ አለቀ፣ ዓለም አላለቀችም። መብረቁ ሌላ ሰፈር ሄዶ ሌላ ቀን ቆርጧል አሉ፤ ድራሹ ይጥፋ። የእማዬ ዓይን ግን ጠፋ።

ባለፈው ወንድሜ አጠገቧ ተቀምጦ «እማዬ፣ ያኔ ብታምኚኝ ኖሮ...» አላት። አሁንም አይተዋትም!

«አምኜህ ነበር» አለችው። «ስለ ነነዌ መሆኑ ለብቻዬ ያስረዳኸኝ ቀን ገብቶኛል። ሐሙስ ልሄድ ልብሴን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። አንተ ግን በገዛ ቤቴ፣ በሰው ፊት ሳቅክብኝ። እልህ ያዘኝ፣ ልጄ። እልሄ ዓይኔን በላው።»

ወንድሜ እርዳኝ በሚል ዓይን ወደ እኔ ዞረ። እኔም አጠገቡ ነበርኩ፤ አንዲት ቃል አላገዝኩትም።