ከሰንጠረዤ የጎደለው አምድ

በየቀኑ የሚያስተምሩት ነገር በሰው ፊት ከድቶዎት ያውቃል? እኔን ከድቶኛል። ነገሩ የሆነው በ1998 ዓ.ም. ህዳርና ታህሳስ ላይ ነው፤ ሰቆጣ የሒሳብ መምህር ሆኜ በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው አንዲት ሴት በእኔ ስህተት ሳትታከም ልትቀር ስለነበረ ነው።

በቅደም ተከተል ላስረዳ።

ለትምህርት ቤታችን የማባዣ ወረቀትና ቀለም ገዝቼ ከወልድያ ስመለስ መንገድ ላይ የአውቶቡሱ የኋላ ጎማ ተነፈሰ። መለዋወጫውም የተነፈሰ ሆኖ ተገኘ። ረዳቱ ሁለቱንም ጎማ በሚያልፍ አይሱዙ ላይ ጭኖ ሊያስጠግን ሄደ፤ እኛ ተሳፋሪዎቹ ደግሞ ወርደን ከአንድ ገደል ጥላ ሥር ተቀመጥን።

ከእኔ ግራና ቀኝ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ሲሳይ ይባላል፤ የሰሃላ ተወላጅ፣ የውሃ ጉድጓድ ቁፋሮ መሐንዲስ ነው። የሚኖረው አዲስ አበባ ቢሆንም ሥራው ከአገር አገር ያዞረዋል፤ ያን ጊዜ እናቱን ሊጠይቅ እየሄደ ነበር። ሁለተኛው አያ ኪሮስ የሚባሉ የዋግ ኽምራዋ የዝቋላ ወረዳ ገበሬ ናቸው። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ይመስላሉ። አንድ ቡናማ ፖስታ በፌስታል ጠቅልለው ደረታቸው ላይ ይዘዋል፤ ሲቀመጡም አላስቀመጡትም።

ሒሳብ እንደማስተምር ስነግረው ሲሳይ ሳቀና ከቦርሳው የወርቅ ቀለም ያለው ካርድ አወጣ።

«እንግዲያው ይህን ፍታልኝ» አለኝ።

ጥያቄው ይህ ነበር። አየር መንገዶች ብዙ ለሚበር ደንበኛ የበረረውን ርቀት በማይል ይመዘግቡለታል። ማይሉ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛ፣ በተጠራቀመ ቁጥር ደንበኛውን ከደረጃ ደረጃ ያሳድገዋል፤ ከፍ ያለው ሰው ሰልፍ አይሰለፍም፣ ለብቻው ማረፊያ አለው፣ ሻንጣውም ቢከብድ አይጠየቅም። ሁለተኛ፣ የተጠራቀመው ማይል ራሱ በትኬት ይለወጣል። ሲሳይ ከአገራችን በሚነሳው አየር መንገድ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ደርሷል፤ ከዚያ በላይ ደረጃ የለም። ይህ አየር መንገድ ከአንድ የውጭ አየር መንገድ ጋር ተስማምቷል፤ በአንዱ የበረረ ሰው ከፈለገ ማይሉን በሌላው ማስመዝገብ ይችላል። እና ሲሳይ ከአሁን በኋላ የሚያገኘውን ማይል የት ያስመዝግብ? በሞላው ላይ ይጨምር ወይስ በውጭው ከዜሮ ይጀምር?

እኔ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሳገኝ ደስታዬ አይጣል ነው። ወዲያው ደብተሬን አውጥቼ፣ በእስክሪብቶዬ ጎን አስምሬ ሰንጠረዥ ሠራሁ። «ትኬት የሚባለውንስ ነገር ላስገባው?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ተወው። ለእኔ ትኬት የሚገዛው መሥሪያ ቤቴ ነው፤ በነጻ ትኬት ምን አደርግበታለሁ?» አለ።

ስለዚህ የትኬቱን አምድ ሰረዝኩት። የቀረው ቀላል ነበር። «በሞላ እንስራ ላይ ውሃ አይቀዳም። በውጭው ጀምር፤ በሁለት ዓመት ውስጥ በሁለቱም የመጨረሻው ደረጃ ላይ ትደርሳለህ» አልኩና ከሥሩ ሁለት መስመር አሰመርኩበት።

አያ ኪሮስ አንገታቸውን አስግገው ሰንጠረዡን ሲያዩ ቆዩ።

«መምህር፣ ይህ ነገር እንደ ቃሬዛ ነው?» አሉኝ።

«እንዴት እንደ ቃሬዛ?»

«እኔ ቃሬዛ ስሸከም ነው የኖርኩት። በእኛ ደብር ያልተሸከምኩለት ቤት የለም። ብታመም ዘጠና ሰው ይነሳልኛል። ከዚያ በላይ ብደክም መቶ ሰው አይሸከመኝም፤ ቃሬዛ ያለው እጀታ አራት ነው።»

ሲሳይ ሳቀ። «እሱ ነው አያ፣ እኔም አራቱ እጀታ ሞልቶብኛል።»

«ቆይ ልጨርስ። ጉልበት ሲተርፈኝ ልሸከምለት የምችለው ሁለት መንደር ነበረ። አንዱ ደጋው ላይ ነው፤ ሀብታም ነው፤ ለተሸካሚ በግ ያርዳል፣ ጠላውም ጉሽ አይደለም። ሁለተኛዋ ወደ ሰቆጣ መውጫ ያለች መንደር ናት፤ ድሃ ናት፣ ቆሎም አትሰጥ። እኔ የተሸከምኩት ለድሃዋ ነው።»

«ለምን?» አልኳቸው።

«መንገዴ በዚያ ነዋ! የታመመ ሰው ወደ በጉ አይሄድም፣ ወደ ሐኪም ነው የሚሄደው።» ከዚያ ወደ ሲሳይ ዞሩ። «ያ መምህር ያሰመረበት የውጭው አሮፕላን እኛ አገር ያርፋል?»

«አያርፍም። ላሊበላ የሚያርፈው የመጀመሪያው ነው።»

«እንግዲያ ምን ያደርግልሃል? በግ ሊያርድልህ ነው?»

አጠገባችን የተቀመጡት ሁሉ ሳቁ። ሲሳይ ግን ካርዱን በጣቶቹ መሃል ሲያገላብጥ ቆየና «አያ ኪሮስ፣ እርስዎ ወልድያ ምን ሊያደርጉ ሄደው ነው?» ብሎ ጠየቃቸው።

አያ ኪሮስ ፖስታውን አሳዩት። ባለቤታቸው ወይዘሮ ለምለም በክረምቱ ከእርከን ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል። አጥንቱ ጠሞ ስለገጠመ መራመድ ቀርቶ ብዙ ሰዓት መቀመጥም አይችሉም። ሐኪሞቹ የጻፉት አዲስ አበባ ሄደው በቀዶ ጥገና ይታከሙ ብለው ነው። ለአውቶቡስ የሚሆን ፍየል ሸጠዋል፤ ችግሩ ግን ሌላ ነው። ሁለት ቀን አውቶቡስ ላይ እንዴት ይቀመጡ? ወልድያ የሄዱት አስተኝቶ የሚወስድ መኪና ፍለጋ ነበር። አላገኙም።

«ላሊበላ ድረስ ቢሆንስ? ተኝተው በፒካፕ?»

«እሱንስ ትችለዋለች። ከዚያስ?»

«ከዚያ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት አይሞላም። እዚህ ካርድ ላይ ያረጀ ማይል አለኝ፤ ሊቃጠል ነው። ለእርሳቸውና ለእርስዎ ደርሶ መልስ ይበቃል።»

«አትቀልድ፣ ልጄ።»

«አልቀለድኩም። ግን ሁለት ነገር አለ። ዲሴምበር ሳያልቅ ትኬቱ ካልተቆረጠ ማይሉ ይሰረዛል። ደግሞ ቀኑ አንዴ ከተቆረጠ አይቀየርም፤ ስለዚህ ታማሚዋ ሰቆጣ መድረሳቸው ሳይረጋገጥ አላስቆርጥም።»

አያ ኪሮስ ፌስታሉን መልሰው ጠቀለሉና ወደ ሲሳይ ጠጋ አሉ።

እኔ ጣልቃ ገባሁ። የማስተባበር ሥራ እወዳለሁ። የሲሳይን የቢሮ ስልክ ቁጥር ተቀበልኩ። ለአያ ኪሮስ ደግሞ ስማቸው እስከ አያት የተጻፈበት፣ ማህተም ያለበት የቀበሌ ደብዳቤ እንዲያወጡ ነገርኳቸው። ደብተሬ ላይም የመጨረሻውን ቀን ጻፍኩ፦ ታህሳስ 30። «የፈረንጆቹ 31 ነበር፤ ለጥንቃቄ አንድ ቀን ቀንሼዋለሁ» ብዬ አስረዳኋቸው። «ስለዚህ ወይዘሮ ለምለምን ታህሳስ 26 ያምጧቸው። አራት ቀን መጠባበቂያ ይኖረናል።»

አያ ኪሮስ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጎማው መጣ፤ ተሳፍረን ሰቆጣ ገባን፤ ተለያየን።

ስህተቱን እርስዎ አሁኑኑ አይተውት ይሆናል። እኔ አላየሁትም። ዲሴምበር ማለት ታህሳስ ነው ብለው አስተምረውኛል፤ እኔም እንደዚያው አስተምሬያለሁ። ለአንድ ወር ያህል ደብተሬን እየገለጥኩ ታህሳስ 30ን ሳይ ጊዜ ያለኝ ይመስለኝ ነበር።

ታህሳስ 20 ቀን ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ ክፍል ውስጥ ሳለሁ ዘበኛው በሩን አንኳኳ። «መምህር፣ እንግዶች መጥተውብሃል። ብዙ ናቸው» አለኝ።

ስወጣ ግቢው በር ላይ ቃሬዛ ተቀምጧል። አሥር የሚሆኑ ሰዎች ከብበውታል፤ እግራቸው እስከ ጉልበት አቧራ ነው። አያ ኪሮስ ከፊት ቆመዋል።

«አያ ኪሮስ፣ ምነው ቸኮሉ? ለ26 ነበር እኮ የተቀጣጠርነው።»

«መምህር፣ ሦስት ዓመት የእርዳታ እህል መጋዘን ውስጥ ጆንያ ተሸክሜአለሁ» አሉኝ። «ፈረንጆቹ ዓመታቸውን ዘግተው ጆንያ የሚቆጥሩት በብስራተ ገብርኤል ነው። በዓል አስሻራችሁን እያልን በየዓመቱ የምንጣላው በዚያ ነው። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ያ ባለ ካርዱ ልጅ ዲሴምበር ሲያልቅ ያለው ያንኑ ቀን ነው። ብስራተ ገብርኤል ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው።»

ቆሜ በልቤ ቆጠርኩ። መስከረም አንድ የእነሱ ሴፕቴምበር 11 ነው። ይህን ማን የማያውቅ አለ? ከዚያ ተነስቼ ብቆጥር ዲሴምበር 31 የሚውለው ታህሳስ 22 ላይ ነው። እኔ የሰጠኋቸው ቀን ማይሉ ከተቃጠለ ከአራት ቀን በኋላ ነበር። አራት ቀን መጠባበቂያ ማለቴ ትዝ አለኝ። ተማሪዎቼ በመስኮት ያያሉ፤ እኔ ጠመኔ እንደያዝኩ በላብ ተጠመቅኩ።

ወይዘሮ ለምለም ከቃሬዛው ላይ ቀና አሉና ለባላቸው በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣኛ አንድ ነገር አሏቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ ደገሙልኝ። «አይዞህ መምህር፤ የተሸከሙኝ እነሱ፣ ያላበህ አንተ!»

ተሸካሚዎቹ ሳቁ። ኋላ ስጠይቅ ገሚሶቹ የደብራቸው ሰዎች አልነበሩም። ያቺ ቆሎ የማትሰጠው መንደር ሰዎች ነበሩ። የታህሳስ 19ኙን የገብርኤል በዓል መንገድ ላይ አክብረው፣ ከመንደራቸው ጀምሮ እስከ ሰቆጣ የተሸከሙት እነሱ ናቸው።

ክፍሌን ለጓደኛዬ ሰጥቼ ወደ ስልክ ቤት ሮጥኩ። ወረፋው እስከ ደጅ ወጥቷል። ወደ ፊት ላልፍ ስል አንድ ነጋዴ ክንዴን ያዘኝ።

«መምህር ሰልፍ ያስተምረናል ስንል አንተው ታፈርሳለህ?»

መልስ ሳልሰጠው ቃሬዛው ደረሰ፤ ተከትለውኝ መጥተው ነበር። ነጋዴው አየና ክንዴን ለቀቀኝ። «እለፍ፣ እለፍ! አንቺስ፣ ተጠጊለት እንጂ!» ብሎ ከፊቱ ያለችውን ሴት ተቆጣ።

መስመሩ በሦስተኛው ሙከራ ገባ። ያነሳችው የሲሳይ ቢሮ ጸሐፊ ነበረች። «ሲሳይ በረሃ ነው፤ ስልክ አይደርሰውም» አለችኝ። ከዚያ ቀጠለች፦ «አንተ የሰቆጣው መምህር ነህ? ስትደውል ትኬቱን እንዳስቆርጥ ወረቀት ፈርሞ ትቶልኛል። ስንት ቀን ሙሉ ጠበቅኩህ! የረሳኸው መስሎኝ ነበር እኮ።»

ሁለቱን ስም ከቀበሌው ደብዳቤ ላይ ፊደል በፊደል አነበብኩላት። በማግስቱ ስደውል ትኬቱ ለታህሳስ 25 በረራ ተቆርጦ ነበር፤ የተቆረጠው ማይሉ ሊቃጠል አንድ ቀን ሲቀረው ማለት ነው። ወደ ላሊበላ የሚሄድ የፒካፕ ሾፌር ፍራሽ አንጥፎ ወሰዳቸው። አዲስ አበባ ሲደርሱ ጸሐፊዋ ራሷ የበሽተኛ ጋሪ ይዛ ተቀበለቻቸው።

ወይዘሮ ለምለም መጋቢት ላይ በምርኩዝ እየተራመዱ ተመለሱ። ትንሽ ያነክሳሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ግን በእግራቸው ይሄዳሉ። አያ ኪሮስ ገበያ በወጡ ቁጥር ትምህርት ቤት ብቅ ይሉና «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው፣ መምህር?» እያሉ ያፌዙብኛል። ሲሳይ በዓመቱ ደውሎልኝ ነበር። ማይሉን አሁንም እዚያው በሞላው ላይ እንደሚያስመዘግብ ነገረኝ። «ደረጃዬ ንቅንቅ አላለም፤ ግን እዚያ ሰቆጣ ሌላ ታማሚ ካለ አትርሳኝ» አለ።

አሁን ሳስበው ያን ቀን የተሰማኝ እፍረት ቀንሷል፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም። መጥፋቱንም አልፈልገውም። በየዓመቱ መስከረም ላይ ለተማሪዎቼ ሁለቱን የዘመን አቆጣጠር ጎን ለጎን እጽፍና ይህን ታሪክ እነግራቸዋለሁ። የቀኑ ስህተት የእኔ ብቻ ነው። የሰንጠረዡ ስህተት ግን የብዙዎቻችን ይመስለኛል፤ የትኬቱን አምድ የሰረዝኩት ሲሳይ «ምን አደርግበታለሁ?» ስላለ ነው፤ ሁለታችንም «ሌላ ሰውስ ምን ያደርግበታል?» ብለን አልጠየቅንም።

እስኪ እርስዎም ይሞክሩት። የተረፈዎትን ነገር፣ ማይልም ይሁን ጉልበት ወይም ጊዜ፣ የት እንደሚያውሉት ሲያሰሉ ሰንጠረዥ ይሥሩ። ሲጨርሱ ከዳር አንድ አምድ ይጨምሩና ከአናቱ ላይ «መንገዴ በየት ያልፋል?» ብለው ይጻፉ። ያን አምድ ሳይሞሉ ከሥሩ አያስምሩ።