መልሳቸው የታወቀ ጥያቄዎች

ጋሮማ የሚስቱን ወሬ የሚወደው ሳይጠይቃት ሲመጣለት ነበር። ኤቢሴ ጉደር በሚገኝ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ናት። ተረኛ በሆነችበት ሳምንት እዚያው ታድራለች፤ እሱ አምቦ ይቀራል። ማታ ማታ ትደውልና ውሎዋን ትዘረግፍለታለች፤ ምጥ የያዛት ሴት ባሏን ምን ብላ እንደሰደበችው፣ መንታ የተወለደላቸው አባት ሁለተኛውን ሲያዩ እንዴት ወደ በሩ እንዳፈገፈጉ። ጋሮማ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሀል ይዞ፣ እየሳቀ ሽሮውን ያማስላል።

ያን ዓመት፣ 2005 ዓ.ም.፣ እያስተማረ የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፉን ይሠራ ነበር። ርእሱን ያስረዳት አንድ ቅዳሜ ከጉደር በሚኒባስ ሲመለሱ ነው።

«በሞባይል የሚላከው መረጃ ተከፋፍሎ በብዙ ሞገዶች ላይ ይጫናል» አላት። «ከማማው እስከ ስልክሽ ግን ተራራው፣ የቆርቆሮው ጣሪያ፣ ይሄው የተሳፈርንበት ሚኒባስ ያጣምመዋል። ተቀባዩ ምን ያህል እንደተጣመመ በምን ይወቅ? ስለዚህ በመልእክቱ መሀል መሀል፣ ተቀባዩ አስቀድሞ የሚያውቀው ምልክት ይተከላል። ፓይለት እንለዋለን። የሚያውቀውን ከደረሰው ጋር ያስተያይና የመንገዱን ጠባይ ይገምታል።»

«የምታውቀውን ነገር መልሰህ ትጠይቀኛለህ በለኛ። ልትፈትነኝ።»

«አንቺን አይደለም፤ መንገዱን።»

«ታዲያ ሁሉንም ፓይለት አድርጉትና ተገላገሉ!»

«መልእክቱስ የት ይቀመጥ? የእኔ ሥራ እኮ እሱ ነው። ስንት ይበቃል፣ የት የት ይተከል የሚለው። ሲያንስ ግምቱ ይስታል፤ ሲበዛ ቦታውን ይበላል።»

ክረምቱ ሲወጣ በማታው ወሬ ውስጥ አንድ ስም መመላለስ ጀመረ፤ ሙለታ፣ የአምቡላንሱ ሹፌር። ሙለታ ጭቃ ውስጥ ሲገባ፣ ሙለታ አማቱን አስመስሎ ሲያወራ። አንድ ማታ ጋሮማ ስልኩን ዘግቶ ቁጭ ሲል፣ ምን እንዳሳቃት ጠፋበት፤ የቀረው ስሙ ብቻ ነበር። ሰውየውን አንዴ አይቶታል። ረጅም ነው፤ ጃኬቱን፣ እጁን እጅጌው ውስጥ ሳያስገባ፣ ትከሻው ላይ ጣል ያደርጋል። ጋሮማ መስታወት ፊት ቆሞ የራሱን ጃኬት እንደዚያ ሞከረው። ተንሸራቶ ወደቀበት።

ከጤና ጣቢያው ፊት ለፊት ረዲ የሚባል ባለሱቅ አለ፤ የጋሮማ የቆየ ደንበኛ ነው። ጋሮማ መጀመሪያ እሱ ጋ ይደውላል።

«ኤቢሴን አየሃት?»

«ውስጥ ናት፣ መምህር።»

ቀጥሎ እሷ ጋ። «የት ነሽ?»

«ጤና ጣቢያ።»

መልሱ ገጠመ። እፎይታው ግን ሻዩ እስኪቀዘቅዝ እንኳ አይቆይም። መንገድ ይለዋወጣል፤ ያሁኑ ግምት ለኋላ አይሆንም። ስለዚህ እንደገና ይደውላል። አማካሪው ዶክተር ሆርዶፋ ረቂቁን አንብበው «ቆጣቢ ነህ፤ ለመልእክቱ ሰፊ ቦታ ተርፎልሃል» ብለው ሲያመሰግኑት፣ ስልኩ በኪሱ ውስጥ ገና ትኩስ ነበር።

በጥር አንድ የገበያ ቀን ረዲ ሌላ መልስ ሰጠው። «ወጣች፣ መምህር። በመኪና፣ ከሹፌሩ ጋር፣ ወደ ወንዙ በኩል።»

ኤቢሴ ጋ ደወለ። «የት ነሽ?»

«ጤና ጣቢያ ነኛ! ሥራ ላይ ነኝ፣ ጋሮ፤ ዝጋው።»

ጋሮማ ክፍለ ጊዜውን ትቶ ሚኒባስ ተሳፈረ። የሚናገረውን እስከ ጉደር ድረስ በልቡ ሲደረድር ሄደ። ግቢው ሲገባ አምቡላንሱ ጎማው ወልቆ በድንጋይ ላይ ቆሟል፤ ከሥሩ የሙለታ እግሮች ይታያሉ። ኤቢሴ ከማዋለጃው ክፍል ጓንቷን እያወለቀች ወጣች።

«ማል ታቴ? ምን ሆነህ ነው የመጣኸው?»

«ረዲ... ወጣች አለኝ።»

ትንሽ አየችውና መንገዱን ተሻገረች። ተከተላት።

«ረዲ፣ ስወጣ አየኸኝ?»

ረዲ ስኳር እየመዘነ ነበር። «ኧረ እኔ የት አይቼሽ! ከዚህ ሚዛን ቀና የምልበት ጊዜ አለኝ? መምህር ሲደውል ‹ውስጥ ናት› እለዋለሁ፣ ይዘጋል። ዛሬ ግን በገበያ ቀን በላይ በላዩ ሲደውልብኝ፣ ‹ወጣች› ብለው ይተወኝ ይሆናል አልኩ።»

«ከሹፌሩ ጋር ያልከኝስ?» አለ ጋሮማ።

«እሱማ ለማጣፈጫ ነው።»

ገበያተኞቹ ሳቁ። ኤቢሴ አልሳቀችም።

«ተቀባዩ የሚያውቀውን ነው የሚያስተያየው ብለኸኝ ነበር» አለችው ወደ ግቢው ሲመለሱ። «አንተስ ምን ነበር የምታውቀው? የረዲን ወሬ?»

ጋሮማ ዓይኑን ጎማ ወደሌለው አምቡላንስ መለሰ።

«እሺ። ከእንግዲህ የጠየቅከኝን ብቻ እመልስልሃለሁ።»

ቃሏን ጠበቀች። ጽሑፉ በሰኔ በጥሩ ውጤት አለፈ። ማታ ማታ አሁን የሚደውለው እሱ ነው።

«ገባሽ?»

«ገባሁ።»

«በላሽ?»

«በላሁ።»

«ማን አለ?»

«ለንሳና ሙለታ።» ለንሳ የሥራ ባልደረባዋ ናት።

ሁሉም እውነት ነው፤ አንድም ቀን አላዛባችበትም። ከዚያ ጋሮማ ወሬዋን ይጠብቃል፤ እሷም ቀጣዩን ጥያቄ ትጠብቃለች።

አንድ ማታ ጥያቄ ሲያልቅበት ኤቢሴ ስልኩን ሳትዘጋው ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። «ዛሬ የመጣችው ሴትዮ እኮ...» ብላ ስትጀምር ሰማ፤ የለንሳን ሳቅ የሙለታ ሳቅ ቀደመው። ጋሮማ ሽሮው እያረረ ስልኩን ጆሮው ላይ አጥብቆ ተጫነው። ወሬው ከሩቅ፣ እየተቆራረጠ ነበር የሚደርሰው።