የአረካው አግዳሚ ወንበር

በዚህች አገር አሮጌ አግዳሚ በመምረጥ የሚስተካከለኝ የለም። እግሩን አንኳኩቼ ዕድሜውን፣ መቀመጫውን ዳብሼ ስንት ወፍራም ሰው እንዳስተናገደ እናገራለሁ። እስከ ትናንት እኩለ ቀን ድረስ እንዲህ ብዬ አምን ነበር።

ንጋት፣ ሶዶ መናኸሪያ

የዳሞታ ተራራ ጉሙን እንደ ጋቢ ተከናንቧል። ባለቤቴ ለጓሯችን፣ ከጽጌረዳው ሥር የሚቀመጥ «ታሪክ ያለው» አግዳሚ ይዘህ ና ብላኝ ነው ከአዲስ አበባ የወረድኩት። ሶዶ ያየኋቸው ሁሉ አዲስ ናቸው፤ ቫርኒሻቸው ላይ እያዩ ጢም መላጨት ይቻላል። የሆቴሉ ዘበኛ፣ የድሮ ዋንዛ ከፈለግህ አረካ ሂድ አለኝ። ለሦስት በተሠራ የሚኒባስ ወንበር ላይ አምስት ሆነን፣ የማላውቀው ሰው የጎደሬ ከረጢት ጭኔ ላይ ተጭኖ ተነሣን።

ረፋድ፣ አረካ

ቁርስ ቆጮ በዳጣ። ዳጣው ያስፈሰሰኝ ዕንባ አንድ ማሳ ያጠጣል። ማርቆስ የሚባል ቁጥብ ባለባጃጅ ተኮናትሬ አናጺ ቤቶቹን አዳረስኩ። አንዱ አግዳሚ ነቀዝ በልቶታል። ሌላው «የአያቴ ነው» ተብሎ ቀለሙ እጄ ላይ ቀረ።

ከከተማው ወጣ እንዳልን፣ የእንሰት አጥር ጥግ አየሁት። ወፍራም ዋንዛ ነው፤ ሚስማር የሌለው፣ መቀመጫው ከብዙ መቀመጥ እንደ ሳህን የጎደጎደ። አንድ ኩታ የለበሱ ሽማግሌ ጫፉ ላይ ተቀምጠው መንገድ መንገዱን ያያሉ።

«አባባ፣ ይሄ ወንበር እኔን ይቀድማል፤ ይሽጡልኝና ጡረታ ላውጣው» አልኳቸው።

«ቆይ» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ።

የሚቆይ የት አለ! አስነሣኋቸው። አግዳሚውን ገልብጬ እግሩን በጥፍሬ ፋቅኩ። በቀይ ቀለም የተጻፈ ቁጥር ሳገኝ፣ ይሄማ የጣሊያን ጦር ምልክት ነው ብዬ ለማርቆስ አስረዳሁት። ማርቆስ አንገቱን ደፋ። የሽማግሌውን ዝምታ የነጋዴ ብልሃት አድርጌው፣ ዋጋዬን ራሴው ደጋግሜ ጨመርኩ።

በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ፣ ጉልበት አለህ?»

«ለሁለት በሬ የሚበቃ!»

«እንግዲያ በዚያ በኩል ያዝ።»

ተሸከምን። በማርቆስ አጠገብ ስናልፍ ኮፍያውን አወለቀ፤ ለድርድር ችሎታዬ መሰለኝ። ሽማግሌው ባጃጁን አልፈው ሄዱ። ምሳ ሊጋብዙኝ ነው ብዬ በደስታ ተከተልኩ።

እኩለ ቀን፣ ከአጥሩ ወዲያ

ሸራ ተወጥሯል። ሰው ከቀብር ተመልሶ ግቢውን ሞልቶታል፤ ግማሹ የሚቀመጥበት አጥቶ ቆሟል። አንዲት አሮጊት በሁለት ሴቶች ተደግፈው መሐል ላይ ናቸው። ሽማግሌው አግዳሚውን እፊታቸው አስቀመጡ። አሮጊቷ ቁጭ አሉ።

የሞተው ልጃቸው ነው፤ አስተማሪ ነበር። ወንበሩ የእድሩ ነው፤ ቀዩ ቁጥርም የእድሩ። የመንደሩ ወንድ ሁሉ ወደ ቀብር ሲሄድ፣ ሽማግሌው የመጨረሻዋን አግዳሚ ሰው ሳይመለስ ለማድረስ በዚያኛው ጫፍ የሚይዝላቸው መንገደኛ ይጠብቁ ነበር። መንገደኛው እኔ ነኝ። እኔ የአግዳሚ እግር ስፍቅ ሰዓቱ አለፈ፤ እናትየው ከልጃቸው መቃብር ተመልሰው ቆመው ጠበቁ።

«እግዚአብሔር ይስጥህ ልጄ» አሉኝ እናትየው። «ከሩቅ መጥተህ ተሸከምክልን።»

ጎናቸው ቦታ ለቀቁልኝ። ያ በዳጣ የፈሰሰው ዕንባ አሁን በተፈለገ ጊዜ አልመጣም፤ ቀልድም አልመጣም። ሽማግሌው ስለ ድርድሬ አንድ ቃል ይናገራሉ ብዬ ፈራሁ። ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ቢናገሩ ይሻለኝ ነበር።

ማታ፣ ወደ ሶዶ

ሽማግሌው እስከ ባጃጁ ሸኙኝ። እጄን ይዘው፣ ሳይቆጡ፣ የምር ሊያውቁ ፈልገው ጠየቁኝ።

«እናንተ ሰፈር እድር የለም እንዴ?»

«አለ» አልኩ መሬት መሬቱን እያየሁ።

ማርቆስ አረካ መናኸሪያ አደረሰኝ። ለባለቤቴ ደውዬ የሚሆን አላገኘሁም አልኳት።

እድርማ አለ። አባል ከሆንኩ ብዙ ዓመቴ ነው። ዕቃ የመሸከም ተራዬ በደረሰ ቁጥር ወገቤን ያመኛል፤ ቅጣቱን እከፍላለሁ። የሰፈሬ እድር አግዳሚ ምን እንደሚመስል አላውቅም። ለለቅሶ ቤት ወንበር ስሸከም ትናንት የመጀመሪያዬ ነው፤ እሱንም የገዛሁት መስሎኝ ነው።