ጎርፍ ሲመጣ በምን እንጥራቸው

ስብሰባ ሰልችቶኛል። ያኔም ሰልችቶኝ ነበር፤ ግን በደርግ ጊዜ ስብሰባ ሰለቸኝ ብሎ የሚቀር የለም፣ ከቀረም በእሱ ላይ ሌላ ስብሰባ ይጠራበታል። የዚያን ክረምት የቀበሌያችን አጀንዳ ጎርፍ ነበር። ወንዛችን ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ከላይ በደንገጎ ተራራ በኩል ሲዘንብ ግን ድሬዳዋ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ድንገት ሞልቶ ይመጣል። ዳር ዳሩን የሚኖሩትን ድሆች በምን እንደምናስጠነቅቅ አቅዱ ተባልን። እኔ የሴቶች ማኅበርን ወክዬ ነበር የገባሁት።

"በድምፅ ማጉያ ነዋ!" አለ ሊቀመንበሩ። ሁሉም አጨበጨበ።

እኔ ወንበሬ ላይ ተቁነጠነጥኩ። ወጣት ለብሔራዊ ውትድርና ሊታፈስ ሲል መጀመሪያ የሚጮኸው ያ ማጉያ ነው። ስለዚህ ድምፁ እንደተሰማ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ወንዙ ይሰዳሉ፤ ከድልድዩ በታች ቁጥቋጦው ውስጥ ማንም አይፈልጋቸውም። ከእኔ ቤት ዝቅ ብላ የምትኖረው ከሰል ሻጭም አንድያ ልጇን የምትደብቀው እዚያው ነበር።

ይህን እንዴት ብዬ ልናገር? ብናገር ልጆቹን አሳልፌ መስጠቴ ነው፤ ዝም ብል ደግሞ ውሃው አለ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣" አልኩ ነገሩን አዙሬ፣ "ወንዙ ዳር ያሉት አብዛኞቹ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ተናጋሪ ናቸው። እኛ ሴቶች ቤት ለቤት እየዞርን በየቋንቋቸው ብንጠራቸው አይሻልም?"

"ጎርፉ እናንተ ወሬያችሁን እስክትጨርሱ ይጠብቃል እንዴ?" አለኝ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። አቦ፣ አንጀቴ ነው ያረረው! ማጉያውም በጭብጨባ ጸደቀ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቀበሌ ሱቅ ስኳር ልወስድ ተሰልፌ ሳለ በደንገጎ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ማጉያው "ውጡ! ከቤት ውጡ!" እያለ ይጮህ ጀመር። ሰልፉን ጥዬ ወደ ወንዙ ሮጥኩ። ስደርስ ጎርፉ ቀድሞኛል፤ ግንዱንም የቤት በሩንም እየጠራረገ ይወርዳል። ከሰል ሻጯ ዳሩ ላይ ቆማ ልጇን በኦሮምኛ ትጣራለች። ድምፅዋ ከውሃው ጩኸት በላይ መውጣት አልቻለም።

ቤቷን ውሃ ስለወሰደው ለቅሶ የተቀመጠችው እኔ ቤት ነው። ኮሚቴው ሊያስተዛዝን መጣ። ሊቀመንበሩ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብሎ ጎንበስ አለና፣ "እናቴ፣ ማስጠንቀቂያችን አልደረሰዎትም ነበር?" ሲል ጠየቃት።

"ደርሶኛል፣" አለችው። "እሱን ሰምቼ ነው ልጄን ወንዝ የላክሁት።"